ይድነቃቸው ተሰማ፤ ከትምህርት ቤት ሜዳ እስከ አፍሪካ ሸንጎ

ባለፈው ክረምት የካ አባዶ የምንኖር ጥቂት ተማሪዎች ተሰብስበን፣ በኮንዶሚኒየሞቹ መካከል ባለችው ጭቃማ ሜዳ ላይ ለሰፈሩ ልጆች የትግልና የእግር ኳስ ውድድር ለማዘጋጀት ተነሥተን ነበር። ገንዘቡን ከየኪሳችን አዋጣን፤ ዋንጫውንም መርካቶ ወርደን ገዛን። ይህ ሁሉ ያለ ጭቅጭቅ ካለፈ በኋላ ጠብ ያስነሣብን የዋንጫው ስም ሆነ። ግማሾቻችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን በትግል ጀርባውን መሬት ያስነካው ባልተገኘ በአንድ ጓደኛችን ስም ይጠራ አልን። ግማሾቻችን ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይወድቅ መቆየቱ እውነት ቢሆንም፣ ዛሬ የት እንዳለ እንኳ ሳናውቅ ስሙን በዋንጫ ላይ መቅረጹ ምን ትርጉም አለው ብለን ተከራከርን። ክርክሩ እስከ ምሽት ዘለቀ፤ ሻዩም ቀዘቀዘ፤ መፍትሔ ግን አልተገኘም።

ነገሩን ቆይተን ስናስበው ጥያቄው የአንድ ዋንጫ ብቻ ሆኖ አላገኘነውም። በየትምህርት ቤቱ በየዓመቱ አንድ ጀግና ይነሣል። በትግል የማይጣል፣ በሩጫ የማይቀደም፣ ኳስ በእግሩ የተጣበቀችለት ልጅ አለ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ስሙን ይጠራል፤ ታናናሾቹ አካሄዱን ሳይቀር ይኮርጃሉ። አራት ዓመት ካለፈ በኋላ ግን በሩ ላይ ያለው ዘበኛ እንኳ አያስታውሰውም። እንግዲያውስ የትምህርት ቤት ጀግና በምን ይመዘናል? ስንቱን በመጣሉ ነውን? ወይስ ሜዳውን ለቅቆ ከወጣ በኋላ ከኋላው ቆሞ በሚቀረው ነገር?

ይህን በባዶ ሜዳ ከመከራከር ይልቅ አንድ የታወቀ ሰው ሕይወት ወስደን ብንመዝንበት ይሻላል ብለን፣ በኅብረታችን መጽሔት ላይ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ታሪክ ለማቅረብ ወሰንን። ታጋይ አልነበሩም፤ የእግር ኳስ ሰው ነበሩ። ነገር ግን ከተማሪ ቤት ሜዳ ተነሥቶ እጅግ ሩቅ የሄደ ኢትዮጵያዊ ስፖርተኛ ይፈለግ ቢባል፣ ከእርሳቸው የተሻለ ምሳሌ አናውቅም።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ነው፤ በእንቁጣጣሽ ዕለት መሆኑ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው፣ የአማርኛ ዜማ በሸክላ ካስቀረፁት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ የሆኑ ባለ ቅኔና ባለ ዜማ ነበሩ። በቃልና በጨዋታ አዋቂነታቸው ስማቸው እስከ ዛሬ ይነሣል። ልጃቸው በስብሰባ ላይ ተነሥቶ መናገርን የማይፈራ ሰው ሆኖ መገኘቱ ከዚህ ቤት የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ትምህርታቸውን የተከታተሉት በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ነው። ይህ ትምህርት ቤት ራስ ተፈሪ መኰንን፣ ኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ፣ በ1917 ዓ.ም. የከፈቱት ሲሆን፣ ከስድስት ኪሎ ግቢያችን አልፎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተለውጦ እንጦጦ የተባለው፣ ዛሬም የሙያ ትምህርት የሚሰጥበት ግቢ ያ ነው። ብዙዎቻችን በአጥሩ ሥር በየቀኑ በታክሲ እናልፋለን፤ ነገር ግን በዚያ ሜዳ ላይ ማን ኳስ ሲያሳድድ እንዳደገ ሳናስታውስ ነው የምናልፈው።

በ1928 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር፣ ጣሊያን ጦሩን አስገብቶ አገሪቱ በጭንቀት ላይ ሳለች፣ በአራዳ ሰፈር አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ወጣቶች ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚባለውን የእግር ኳስ ቡድን መሠረቱ። ይድነቃቸው ያኔ ገና የ14 ዓመት ተማሪ ነበሩ። ከዚህ ቡድን ጋር የተጀመረው ኑሮ እስከ እ.ኤ.አ. 1958 ድረስ፣ ለ23 ዓመታት ዘልቋል።

ከምሥረታው ጥቂት ወራት በኋላ አዲስ አበባ በጠላት እጅ ወደቀች። የፋሽስት የዘር ሕግ ነጩንና ጥቁሩን በመኖሪያ፣ በመጓጓዣና በመዝናኛ ለያየ፤ የኳስ ሜዳውም ከዚህ አላመለጠም። በገዛ አገሩ ሜዳ ላይ፣ በቆዳው ቀለም ምክንያት ከማን ጋር መጫወት እንደሚገባውና እንደማይገባው ባዕድ የሚወስንለት ወጣት ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። ይድነቃቸው ከ14 እስከ 19 ዓመት ዕድሜያቸው ድረስ ያደጉት በዚህ ውስጥ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ በካርቱም፣ ከ40 ዓመት በኋላ በሞንትሪያል ያደረጉትን ስናይ፣ ሥሩን ከዚህ ዘመን ላይ እንፈልገዋለን።

ነፃነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ ስፖርቱ እንደ አዲስ መጀመር ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1943 የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ተቋቋመ። በተከታዩ ዓመት በተደረገው የመጀመሪያ ሻምፒዮና የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ነበሩ፤ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ። ከአምስቱ የአገሩ ሰው አንዱ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል! ዋንጫውንም የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው።

በዚያ ጊዜ ፌዴሬሽን ሲባል ሕንፃም ጸሐፊም ያለው መሥሪያ ቤት አይምሰለን። ይድነቃቸው ከሰዓት በኋላ ማሊያ ለብሰው የሚጫወቱ፣ ማታ ደግሞ የጨዋታውን ደንብ ወደ አማርኛ የሚመልሱ ሰው ነበሩ። ቀላል ሥራ አይምሰለን። ከጨዋታ ውጭ መሆን፣ ፍጹም ቅጣት ምት፣ የማዕዘን ምት እያልን ዛሬ ያለ ሐሳብ የምንናገረው ሁሉ በአንድ ወቅት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በቋንቋችን ሊገልጸው የተገባ ነገር ነው። ደንቡ በቋንቋው ያልተጻፈለት ሕዝብ ዳኛ ሊያወጣ አይችልም፤ ዳኛ የሌለውም ጨዋታ ጠብ ነው።

ስለ ግብ አግቢነታቸው የሚጠቀሰው ቁጥር ለጊዮርጊስ በተጫወቱባቸው 365 ግጥሚያዎች 318 ጐል ማግባታቸው ነው። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ቡድኑ የመጀመሪያ ግጥሚያውን ያደረገው በ1940 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከፈረንሳይ ሶማሌላንድ ጋር ሲሆን 5 ለ 0 አሸንፏል። 318 ጐል በማንኛውም ዘመን ብዙ ነው። ነገር ግን እንጠይቅ፤ ከእኛ መካከል ከእነዚህ ጐሎች አንዷን እንኳ ያየ አለን? ፊልም የለም፤ ያዩትም ሰዎች ከጥቂቶቹ በስተቀር አልፈዋል። የይድነቃቸው ስም በጐላቸው ብቻ የሚኖር ቢሆን ኖሮ፣ ከዚያ የማይወድቅ ታጋይ ጓደኛችን ስም የሚረዝመው በጥቂት ዓመታት ብቻ በሆነ ነበር።

የታሪካቸው ሁለተኛ ክፍል የሚጀምረው እ.ኤ.አ. የካቲት 8 ቀን 1957 በካርቱም ነው። በዚያ ዕለት ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ሆነው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ፤ ይድነቃቸውም ኢትዮጵያን ወክለው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ጋና ከቅኝ ግዛት ነፃ የወጣችው በመጋቢት 1957 መሆኑን፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ የተቋቋመውም ከዚያ ከስድስት ዓመት በኋላ መሆኑን ስናስታውስ፣ ኳሱ ፖለቲካውን ቀድሞ እንደ ነበር እንረዳለን።

ወዲያው ፈተና መጣ። ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ የምታሰልፈው ወይ ነጮችን ብቻ ወይ ጥቁሮችን ብቻ እንጂ ድብልቅ ቡድን እንደማይሆን አስታወቀች። የቀሩት ሦስቱ አይሆንም አሉና ከውድድሩ አስወጧት። ከአራት አባል አንዱን ማባረር ማለት ገና የተወለደን ማኅበር ሩቡን መቁረጥ ማለት ነው። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜ የምትገጥመው ደቡብ አፍሪካን ስለ ነበረ በቀጥታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ሽንፈቱ መራራ ነበር፤ ውሳኔው ግን ከሽንፈቱ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አገኘ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ደስታው መጣ። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲደረግ የብሔራዊ ቡድናችን አሠልጣኝ ይድነቃቸው ነበሩ። ቱኒዚያን 4 ለ 2 ከረቱ በኋላ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ፣ ጥምቀት በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ ያኔ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ይጠራ በነበረው ስታዲየም ከግብፅ ጋር ተገናኙ። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ተክሌ ኪዳኔና ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለቱንም ጊዜ አቻ አደረጉ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አክለው 4 ለ 2 ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቺያኖ ሰጡ። የጣሊያን ስም ያለው ክልስ ወጣት፣ ጣሊያን አገራችንን ከለቀቀ ከ21 ዓመት በኋላ፣ የኢትዮጵያ አምበል ሆኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫ ሲቀበል ማየት በዘር ሕግ ሥር ላደገ አሠልጣኝ ምን ያህል ትርጉም እንደ ነበረው አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ብዙ ሰው የይድነቃቸውን ታሪክ እዚህ ላይ ያቆማል። እኛ ግን ትልቁ ነገር ከዚህ በኋላ ያለው ነው እንላለን።

ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ፊፋ 16 ቦታዎችን ሲያከፋፍል፣ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺያኒያ በአንድ ላይ የሰጠው አንዲት ቦታ ብቻ ነበር። የአፍሪካ አሸናፊ ደግሞ እንደገና ከእስያው ጋር መጋጠም ነበረበት። የጋናው ኦሄኔ ጃንና ይድነቃቸው ይህን ተቃወሙ፤ ተመዝግበው የነበሩት 15 የአፍሪካ ቡድኖችም ከውድድሩ ወጡ። አንድ ወጣት ተጫዋች የዓለም ዋንጫን በሕይወቱ አንድ ጊዜ ሊያገኝ ይችል ይሆናል፤ ያን ዕድል መተው ከባድ መሥዋዕትነት ነው። ፍሬው ግን ፈጥኖ ታየ። ለ1970ው ዋንጫ አፍሪካ የራሷ ሙሉ ቦታ ተሰጣትና ሞሮኮ ሄደች። በ1982 ሁለት ሆነ። ለ2026ቱ ዋንጫ ለአፍሪካ የተመደበው ቀጥተኛ ቦታ 9 ደርሷል። ዛሬ ሴኔጋልን ወይም ሞሮኮን በቴሌቪዥን እያየን ስንጮህ፣ በሩን ማን እንዳንኳኳው ማስታወስ ይገባናል።

በደቡብ አፍሪካ ጉዳይም ትግሉ ረጅም ነበር። ፊፋ በ1961 ያገዳትን ደቡብ አፍሪካ በ1963 እግዱን አነሣላት፤ በ1964 በቶኪዮ ጉባኤ አፍሪካውያን ከሌሎች ጋር ድምፃቸውን አስተባብረው እንደገና አሳገዷት፤ በ1976 በሞንትሪያል ጉባኤ ጨርሶ ተባረረች። ይድነቃቸው እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት፣ ከ1971 ጀምሮም የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ስለ ነበሩ፣ በሁለቱም ሸንጎ ስለዚህ ነገር ከመናገር አልቦዘኑም። ደቡብ አፍሪካ ወደ ጨዋታው የተመለሰችው አፓርታይድ ሊያበቃ ሲል በ1992 ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላም ነጭና ጥቁር አንድ ላይ ባሰለፈ ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። በ1957 በካርቱም የተጠየቀው ይህ ብቻ ነበር! አቶ ይድነቃቸው ግን ይህን ለማየት አልታደሉም።

ጽሑፋችን ውዳሴ ብቻ እንዳይሆን የሚነቀፉበትንም ማንሣት ይገባል። አንደኛው ከአገር ውጭ ስለሚጫወቱ ባለ ሙያዎች ነው። ከ1965 እስከ 1982 ድረስ አንድ አገር ለአፍሪካ ዋንጫ ከውጭ ሊያስመጣ የሚችለው ከሁለት ያልበለጠ ተጫዋች ነበር። ይድነቃቸው የአፍሪካ ልጆች ገና በለጋነታቸው ወደ አውሮፓ መጉረፋቸው የአህጉሩን ኳስ ያደርቃል ብለው ይሰጉ ነበር። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ይህን ሐሳብ አንቀበልም። ድኻ ቤት የተወለደ ልጅ እግሩ ያፈራውን በሚሻል ዋጋ ቢሸጥ ማን ሊከለክለው ይችላል? ቤተሰቡን የሚያበላው የኮንፌዴሬሽኑ ደንብ አይደለም። ሌሎቻችን ደግሞ ዛሬ ከየመንደሩ በደላላ ተወስደው በባዕድ ከተማ የተጣሉትን ሕፃናት ስናስብ፣ ሥጋቱ ከንቱ እንዳልነበረ እንናገራለን። በዚህ ላይ አልተስማማንም፤ ልዩነታችንን እንዳለ ለአንባቢ እናቀርባለን።

የትምባሆና የአልኮል ማስታወቂያ በአፍሪካ ውድድር ላይ እንዳይገባ መቃወማቸውም ኮንፌዴሬሽኑን ገንዘብ እንዳሳጣው የሚናገሩ አሉ። እውነት ነው፤ ገንዘብ ሳይቀር አይቀርም። እኛ ግን በዚህ ከእርሳቸው ጋር ነን። ሳንባውን የሚገድል ነገር በሩጫ ሜዳ ዙሪያ መስቀል ለማንም የማይገባ ቀልድ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ነቀፋ ከቤታችን የሚነሣው ነው። ኢትዮጵያ ከ1954 ዓ.ም. ወዲህ ያን ዋንጫ ደግማ አላገኘችም። እ.ኤ.አ. ከ1982 በኋላ ለውድድሩ እንኳ ለመድረስ እስከ 2013 ድረስ 31 ዓመት ፈጅቶባታል። አቶ ይድነቃቸው ለአፍሪካ ቤት ሲሠሩ የገዛ ቤታቸው ጣራ አፈሰሰ የሚል ሰው ቢኖር ጨርሶ ተሳስቷል ልንለው አንችልም። ሆኖም አንድ ሰው ለሁሉ አይበቃም። አብዮትና ጦርነት ያናወጠውን አገር ኳስ ድቀት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ጥፋት ካለ፣ እርሳቸውን የሚተካ ሰው በጊዜው ያላዘጋጀን የሁላችን ነው። እርሳቸውም ቢሆኑ 15 ዓመት በአንድ ወንበር ሲቀመጡ በአገራቸው ስንት ተተኪ አፈሩ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አቶ ይድነቃቸው በፕሬዚዳንትነታቸው ላይ እንዳሉ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። የቡሄ ዕለት ነበር። በእንቁጣጣሽ ተወልደው በቡሄ ማረፋቸውን ስናስብ፣ ሁለቱም የልጆች በዓላት መሆናቸው ትዝ ይለናል፤ አንዱ የአበባ፣ አንዱ የጅራፍና የሆያ ሆዬ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የትምህርት ቤት ጀግና በምን ይመዘናል? ከዚህ ሕይወት የተማርነው ይህ ነው። ማሸነፉ በር ይከፍትለታል፤ ያለ 318ቱ ጐል ማንም ይድነቃቸውን ባልሰማቸው ነበር። ስለዚህ ድሉን አንንቅም። ነገር ግን በሩ ከተከፈተ በኋላ ለሚቀጥለው ሰው ክፍት አድርጎ የተወው እንደ ሆነ ነው ስሙ የሚኖረው። ደንቡን በአማርኛ የጻፈ፣ ማኅበር ያቆመ፣ ለተጫዋቾቹ ቦታ የጠየቀ፣ አይሆንም ማለት በሚገባው ሰዓት አይሆንም ያለ ሰው፣ ጐሎቹን ያየ ቢጠፋ እንኳ ሥራው ይታያል።

የዋንጫውን ነገር በዚሁ መንገድ ጨረስነው። ያን ጓደኛችንን ከመርሳትም ከማምለክም ይልቅ እንፈልገው ተባባልን። ከሦስት ሳምንት ፍለጋ በኋላ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ አገኘነው። ስሙ በዋንጫ ላይ ይጻፍ እንደ ሆነ ብንጠይቀው ሳቀብን። እሑድ ጠዋት መጥቶ ልጆቹን ያስተምር እንደ ሆነ ስንጠይቀው ግን ዝም ብሎ ቆየና፣ በስንት ሰዓት እንደምንጀምር ጠየቀን። ዋንጫው ስም ሳይወጣለት ተሰጠ። እርሱ ግን እስከ አሁን አንድ እሑድ አልቀረም፤ ቀዝቃዛው የእንጦጦ ነፋስ በሚወርድበት በዚያ ሜዳ ላይ፣ 20 የሚሆኑ የየካ አባዶ ልጆች ሳይጎዱ መውደቅን በመጀመሪያ፣ መጣልን ደግሞ ቀጥሎ ይማራሉ።

የዩኒቨርሲቲያችን ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! በየሰፈራችሁ እንዲህ ያለ የተረሳ ጀግና አይጠፋም። ስሙን ከማንሣት አልፋችሁ ሥራ ስጡት።